ለማከራየት የሚገዛ ቤት ትርፍና ስጋቱ እንዴት ይመዘናል? (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ ጥቂት ቤቶችን ገዝቼ ስለማከራይ የምመልሰው ይህንኑ የሚመለከት ጥያቄ ነው። ስትጠይቁ የቤቱን ዋጋ፣ የሚጠበቀውን ኪራይና የብድሩን ወለድ ጻፉልኝ። የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፤ ስሌቱ በየትኛውም ገንዘብ ያው ነው።

ጠያቂ 1፦ ዋጋው 1,000,000 የሆነ ቤት በወር 8,000 ይከራያል። ደላላው በዓመት 9.6 በመቶ ያስገኛል ብሎኛል። ይታመናል?

መላሽ፦ ደላላው ማባዛቱን አልተሳሳተም፤ መቀነሱን ግን ለእርስዎ ትቶታል። በዓመት 96,000 የሚገኘው ቤቱ አንድም ቀን ባዶ ካላደረና አንድም ቧንቧ ካልፈነዳ ነው። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 88,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ ለእድሳት 10,000፣ ለግብርና ለመድን 8,000፣ ቤቱን ለሚያስተዳድርልዎ ሰው 7,000 ሲቀነስ 63,000 ይሆናል። ለስም ማዛወሪያ፣ ለድለላና ለመጀመሪያ ጥገና 50,000 ካወጡ ደግሞ ቤቱ የፈጀብዎት 1,050,000 ስለሆነ የተጣራው ገቢ 6 በመቶ ነው። «እኔው ራሴ አስተዳድረዋለሁ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ የራስ ድካምም ዋጋ አለውና 7,000ውን አትሰርዙት።

ጠያቂ 2፦ እኔ ያንኑ ቤት ልገዛ ነው። ያለኝ 350,000 ሲሆን ቀሪውን 700,000 በ7 በመቶ ወለድ እበደራለሁ። ብድሩ ትርፌን አያሳድገውም?

መላሽ፦ ይህ ዋናው ጥያቄ ስለሆነ በርጋታ ይነበብ። የዓመቱ ወለድ 49,000 ነው፤ ከ63,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 14,000 ሲሆን፣ ይህም ከ350,000 አንጻር 4 በመቶ ነው። ሳይበደሩ 6 በመቶ የሚያስገኝ ቤት ተበድረው ሲገዙት 4 በመቶ የሚያስገኘው፣ የወለዱ ምጣኔ ከቤቱ የተጣራ ገቢ ስለሚበልጥ ነው። ወለዱ 5 በመቶ ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው 8 በመቶ ያገኙ ነበር፤ 9 በመቶ ቢደርስ ደግሞ 63,000ው በሙሉ ለወለድ ይሄዳል። ዋናው ዕዳ በ20 ዓመት በእኩል ክፍያ የሚመለስ ከሆነ በየዓመቱ 35,000 ስለሚጠየቁ፣ በመጀመሪያው ዓመት 21,000 ከኪስዎ ይጨምራሉ። ዕዳው ስለሚቀንስ ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ቤቱን በግድ የሚሸጠው ቤቱ ስላከሰረው ሳይሆን ይህችን 21,000 ስላጣ ነው። መጠባበቂያ ሳትይዙ አትበደሩ።

ጠያቂ 3፦ ታዲያ ብድር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

መላሽ፦ አሁን መልሼዋለሁ። የተጣራ ገቢዎንና ወለድዎን አነጻጽሩ።

አባል 1፦ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ያስፈልጋል? የቤት ዋጋ ምንጊዜም ይጨምራል፤ እውነተኛው ትርፍ እሱ ነው።

አባል 2፦ ያልተሸጠ ቤት ትርፍ በወረቀት ላይ ያለ ትርፍ ነው። ወርቅ ቢገዙ ቢያንስ ቶሎ ይሸጣል።

አባል 1፦ ወርቅ ኪራይ ይከፍልሃል?

መላሽ፦ ወርቁን ለሌላ ቀን አቆዩት። «ምንጊዜም ይጨምራል» የሚለው ግን ሐሰት ነው። በአሜሪካ የቤት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከሩብ በላይ ወርዷል፤ በጃፓን ደግሞ የመሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሽቆለቁል ቆይቷል። በሁለተኛው ጠያቂ ቤት ላይ ዋጋው በ10 በመቶ ብቻ ቢወርድ፣ ከ900,000ው ላይ የ700,000ው ዕዳ ሲቀነስ ካወጡት 350,000 ውስጥ የሚቀራቸው 200,000 ነው። የዋጋ ጭማሪ ቢመጣ እሰየው፤ ቤቱ እንዲያዋጣ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አትግዙት።

ጠያቂ 4፦ ቤት ብገዛ ያዋጣኛል?

መላሽ፦ የትኛውን ቤት፣ በስንት፣ በምን ወለድ? እነዚህን ሳላውቅ የምመልሰው የለኝም።

ጠያቂ 5፦ ሱቅ ይሻላል ወይስ መኖሪያ ቤት?

መላሽ፦ ሱቅ ላይ ልምድ የለኝም።

ጠያቂ 6፦ መጠባበቂያው ስንት ይሁን? ቤቱን ሳይስ ምን ልመልከት?

መላሽ፦ እኔ የምይዘው ቢያንስ የ6 ወር የብድር ክፍያና ወጪ ነው፤ ለአሮጌ ቤት ከዚያም በላይ። ሲጎበኙ ወደ ላይ ይመልከቱ፤ የኮርኒሱ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ከበላዩ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ጠርጥሩ። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍታችሁ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ሻጩ ተከራይ አለበት ካለም ውሉን ብቻ ሳይሆን ኪራዩ በየወሩ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቁ።

ጠያቂ 7፦ በዚሁ ገንዘብ አንድ ትልቅ ቤት ወይስ ሁለት ትንንሽ?

መላሽ፦ ሁለቱ ይሻላሉ፤ አንዱ ባዶ ሲሆን የሌላው ኪራይ አይቋረጥም። የሚጠገነው ጣሪያም ሁለት ስለሚሆን የእድሳቱን ወጪ እንደገና አስሉት።

ጠያቂ 8፦ በብድር ቢሆንስ?

መላሽ፦ ሁለተኛውን መልስ አንብቡ።