አዲስ ኳንታይዘር ከመሰካትህ በፊት ቀዩን መስመር ፈልግ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ባለ 84 ኤችፒ (የስፋት መለኪያ ነው) ዩሮራክ ሳጥን፣ ማለትም የሲንተሳይዘር ክፍሎች (ሞጁሎች) የሚገጠሙበት ሳጥን አለህ፤ 10 ኤችፒ ባዶ ቦታ ተርፎሃል። ያገለገለ ባለ 8 ኤችፒ ኳንታይዘር (ቮልትን ወደ ኖታ የሚስብ ሞጁል) ገዝተሃል፤ ኬብሉ ግን ተነቅሎ ለብቻው በፌስታል ነው የመጣልህ። «ስሰካው ይቃጠልብኛል ወይ? ትዝታ ቅኝትስ ያጫውተኛል?» ነው ያልከው።

ሳታይ ከሰካኸው ሊቃጠል ይችላል። አይተህ ከሰካኸው ቀላል ሥራ ነው።

ስፋቱ አያሳስብህ። 1 ኤችፒ 5.08 ሚሊሜትር ስለሆነ ሞጁልህ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ቢይዝ ነው። ጥልቀቱን ግን ለካ። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ኬብሉ ራሱ ቦታ ይሻማል፤ የሞጁሉ ጀርባ ብረት ወይም የፓወር ቦርዱን ከነካ ሾርት ነው።

ከዚያ ሂሳብ። ዩሮራክ የሚሠራው በፕላስ 12 እና በማይነስ 12 ቮልት ነው፤ አንዳንዱ ሞጁል 5 ቮልትም ይጠይቃል። የሁሉንም ሞጁሎችህን ሚሊ አምፔር ደምር፤ ፕላሱን ለብቻ፣ ማይነሱን ለብቻ። ሞጁልግሪድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሳጥንህን ካስገባህ እሱ ይደምርልሃል፤ እኔ ግን ከአምራቹ ማንዋል ጋር ሳላስተያይ አላምንም። ፓወር ሰፕላይህ በፕላሱ በኩል 500 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ከሆነ 400 ላይ ስትደርስ በቃህ። ዲጂታል ሞጁል ሲበራ ለአፍታ ከተጻፈለት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ኳንታይዘር ደግሞ አብዛኛው ዲጂታል ነው።

አሁን ወደ ኬብሉ። ሳጥኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ከግድግዳው ንቀለው። ጠፍጣፋውን ኬብል ያዝና ዳሩን እይ፤ አንዱ ሽቦ ቀይ ነው። ሰው ቀይ ሲያይ ፕላስ ይመስለዋል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዩ ማይነስ 12 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ኤ-100 የተባለውን ሲንተሳይዘር ሲያወጣ የመጣ ሥርዓት ነው፤ ሌሎቹም አምራቾች ተከተሉት።

የሞጁሉን ጀርባ ገልብጠህ እይ። «ማይነስ 12» ወይም «ሬድ ስትራይፕ» የሚል ጽሑፍ፣ ካልሆነም አንድ ነጭ መስመር ፒኖቹ አጠገብ ታገኛለህ። ቀዩ በዚያ በኩል ይሁን። ፓወር ቦርዱም ላይ እንደዚሁ። በሞጁሉ በኩል ያለው ጫፍ ብዙ ጊዜ ባለ 10 ፒን ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው አምስት ረድፍ። አንዱ ዳር ማይነስ 12፣ መሀል ያሉት ሦስቱ ግራውንድ፣ ሌላው ዳር ፕላስ 12። ገልብጠህ ከሰካኸው ፕላሱና ማይነሱ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው፤ አይሲዎቹ (ቺፖቹ) ይቃጠላሉ። መከላከያ ዳዮድ ያለው ሞጁል አለ፣ የሌለውም አለ። የአንተ የትኛው እንደሆነ በሙከራ አትወቀው!

«ሶኬቱ ግድግዳና ቆረጥ ያለ ቦታ አለው፣ በግድ በትክክል ነው የሚገባው» የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። ኬብሉን የሠራው ሰው አንዱን ጫፍ ገልብጦ መትቶት ሊሆን ይችላል። ያንተ ደግሞ ያገለገለና ተነቅሎ የመጣ ነው። ቴስተር ያዝና ጢጥ የሚለው ላይ አድርገው፤ በሁለቱም ጫፍ ቀዩ ያለበትን ቀዳዳ ንካ። ጢጥ ካለና ቀዩ በሁለቱም በኩል ማይነስ 12 ላይ ከዋለ ጥሩ። ቦርድህ ግድግዳ የሌለው ባዶ ፒን ከሆነ ደግሞ አንድ ረድፍ ዘልለህ እንዳትሰካ ከጎን ዝቅ ብለህ እይ።

ብሎኑን ወዲያው አታጥብቅ። ተንሸራታች ዳዶ ያለው ሳጥን ከሆነ አራቱንም ላላ አድርገህ ካስገባህ በኋላ ነው የሚጠበቀው። ከዚያ አብራው፤ እጅህ ማብሪያው ላይ ይሁን፣ ዓይንህ የድሮዎቹ ሞጁሎች መብራት ላይ። ከደበዘዙ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ በዚያው ቅጽበት አጥፋ።

ወደ ትዝታው ስንመጣ፣ ያጫውትሃል። ኳንታይዘር የሚያደርገው የገባለትን ቮልት በጣም ወደሚቀርበው ኖታ መሳብ ነው። 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ስለሆነ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ትዝታ ሜጀር ከፈለግክ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ አብራ። ለማይነሩ ሚንና ላን ፍላት አድርግ፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። የመሲንቆና የክራር ቅኝት ግን ልክ ከፒያኖው ቁልፍ ላይ አይወድቅም፤ ስለዚህ ጆሮህ «ትንሽ ይጎድለዋል» ካለህ ሞጁሉ ተበላሽቶ አይደለም።

የሲክዌንሰርህን (ቮልት በተራ በተራ የሚልከውን ሞጁል) ቮልት ኳንታይዘሩ ውስጥ ሳይገባ በአቴኑዌተር፣ ማለትም በቮልት መቀነሻ ቀንሰው። 5 ቮልት ሙሉውን ከለቀቅክበት አምስት ኦክታቭ እየዘለለ ዜማው ይጠፋብሃል፤ 1 ወይም 1.5 ቮልት ሲሆን የሰው ድምፅ የሚመስል ነገር ይወጣል። ያንን የትዝታ ማንሸራተት የምትወድ ከሆነ ደግሞ ስሉ ሊሚተር (የቮልቱን ዝላይ የሚያለሰልስ ሞጁል) ጨምር፤ ግን ከኳንታይዘሩ በኋላ፣ ድምፁን ከሚያመነጨው ከኦሲሌተሩ በፊት። ቀድመህ ካስገባኸው የሚንሸራተተውን ድምፅ ኳንታይዘሩ መልሶ ደረጃ በደረጃ ይቆራርጥብሃል።