የአባታችንን ቤት እናፍርሰው ወይስ እንጠግነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ሠራተኛ ሰፈር ከአባታችን የወረስነው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው የጭቃ ቤት አለን። የግድግዳው ታችኛው ክፍል ስለረጠበ ከ3 ዓመት በፊት በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ አሁን ግን ልስኑ እየተላጠ ጭቃውም እየረገፈ ነው። ወንድሞቼ «ዕድሜውን ጨርሷል፤ አፍርሰን ፎቅ እንሥራ» ይላሉ፤ እኔ ግን አልቆረጠልኝም። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ቤቱን የጎዳው ከዕድሜው ይልቅ ያ ልስን ይመስለናል። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በገጹ በኩል ወደ አየር እያስወጣ የሚኖር ሲሆን፣ ሲሚንቶ ይህን መውጫ ስለሚዘጋበት ውኃው ውስጥ ተጠራቅሞ መጀመሪያ ጭቃውን ያላላል፣ ቀጥሎም ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል። በዚህ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ በኖራ የተገነቡት የጎንደር የፋሲል ግቢ ግንቦች እንኳ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው፣ ከዓመታት በኋላ ጥገናውን በኖራ ማረም አስፈልጓል። ስለዚህ ሲሚንቶውን ያስነሡ፤ ጭድ ገብቶበት በደንብ በተብላላ ጭቃ ያስመርጉና ላዩን ኖራ ያስቀቡ። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም መንገዱ በየጊዜው ከፍ እያለ ግቢዎ ዝቅ ብሎ ቀርቶ ከሆነ ግን፣ ውኃው ቦይ ሳይበጅለት የሚደረግ ምርጊት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁርጡን የሚነግርዎ እንጨቱ ነው። ቋሚዎቹን ከመሬት አጠገብ በቢላዋ ጫፍ ይውጓቸው፤ ቢላዋው ያለ ችግር የሚሰምጠው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ከሆነ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ መቀጠል ደኅና አናጢ የሚሠራው ነው። አብዛኞቹን ምስጥ ጨርሷቸው ከሆነ ግን ወንድሞችዎ እውነት አላቸው።

ከዚያ በፊት ሁለት ቢሮ መሄድ ይኖርብዎታል። አንደኛው ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን የሚጠይቁበት ነው፤ ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የመጠበቁ ግዴታና ወጪ የባለቤቱ ሲሆን፣ ጥገናውም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም። ወጪው ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል፤ «ይችላል» ማለት «ይሸፍናል» ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል። ሁለተኛው የቦታውን ፕላን የሚያዩበት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ሲነሡ እንዳየነው፣ የከተማው ፕላን የእናንተን የወንድማማቾቹን ክርክር ቀድሞ ሊዘጋው ይችላል።

ፕላኑ ከፈቀደና እንጨቱ ደኅና ከሆነ፣ እኛ የምንመርጠው የፊቱን ቤት ጠብቆ አዲሱን ከጓሮ መሥራት ነው። አሮጌ ቤት የግድ መኖሪያ ሆኖ መቀጠል የለበትም፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፣ የእናንተም በረንዳ ለቡና ቤት ወይም ለቢሮ ቢከራይ የጥገናውን ወጪ በከፊል ሊመልስ ይችላል። ምርጊቱ ሳይደርቅ ክረምት እንዳይገባበት ሥራውን በበጋው መጀመሪያ፣ ከኅዳር አንሥቶ ቢያስጀምሩት ይሻላል።