የጠፈር ጣቢያን ከመሬት ፎቶ ማንሳት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። የፊት ስፋቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕና አንዲት ትንሽ ካሜራ አለው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላዩ ሲያልፍ በቪዲዮ ይቀርጸዋል፤ የፀሐይ ኃይል ፓነሎቹ ተለይተው የሚታዩባቸው ፎቶዎችም አውጥቷል። «ይህ ሥራ ይሆነኛል? ዲፓርትመንት ቀይሬ አስትሮኖሚ ልግባ? ቤተሰቦቼ ሌሊቱን በከንቱ ታባክናለህ ይሉኛል» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ የላክልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ጣቢያው 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በሰከንድ 7.7 ኪሎሜትር ያህል ይሮጣል። ይህን በእጅ እየተከተሉ በዚህ ጥራት መቅረጽ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እውነቱን ልንገርህ። ፎቶውን ሸጦ መኖር በጣም ከባድ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው የገነነውን እንይ። ፈረንሳዊው ቲዬሪ ለጎ በ2009 እ.ኤ.አ. አትላንቲስ መንኮራኩርና ሀብል ቴሌስኮፕ በፀሐይ ፊት ሲያልፉ አንስቶ ዓለምን አስደምሟል። እሱም ቢሆን መሐንዲስ ነው። (አንተም የፀሐዩን ልሞክር ካልክ፣ የፀሐይ ማጣሪያው ከቴሌስኮፑ ፊት ላይ በደንብ ሳይታሰር እንዳትሞክረው። ዓይን አይተካም።)

ሌላው ኔዘርላንዳዊው ማርኮ ላንግብሩክ ነው። የተማረው አርኪዮሎጂ ነው። ሳተላይት መከታተል ለዓመታት የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበር። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት የሚያሰራጩት የስታርሊንክ የመጀመሪያዎቹ 60 ሳተላይቶች ተሰልፈው ሲያልፉ የቀረጸው ቪዲዮ በዓለም ዞረ። በኋላ በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ዘርፍ የሚያስተምር ሰው ሆነ። እዚያ ያደረሰው የፎቶው ውበት አይመስለኝም። የሳተላይቶችን ቦታ ለዓመታት ሲለካ የኖረ ሰው ነው።

ያንተም በር እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ፎቶ ታነሳለህ፤ ከአሁን በኋላ የሳተላይቶችን ቦታ ለካ። ለዚህ ቴሌስኮፑ እንኳን አያስፈልግህም። ተራ ካሜራና ባለ 50 ወይም ባለ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። ሳተላይቱን ከጀርባው ካሉት ኮከቦች ጋር ትቀርጻለህ። የኮከቦቹ ቦታ በካታሎግ ስለሚታወቅ የሳተላይቱን ቦታ ከእነሱ ታሰላለህ። ከዚያ ሴለስትራክ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ከሚያወጣው የምህዋር መረጃ ጋር ታስተያያለህ።

ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓትህ በ0.1 ሰከንድ ከተሳሳተ፣ ሳተላይቱን ከነበረበት 770 ሜትር አርቀህ አስቀመጥከው ማለት ነው። የኮምፒውተር ሰዓት ደግሞ ይንሸራተታል፤ ካሜራውም የራሱ መዘግየት አለው። ስለዚህ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ውሰድ፣ የካሜራውንም መዘግየት ለካ። «የመለኪያዬ ስህተት ይህን ያህል ነው፣ ምክንያቱም...» ብለህ ማስረዳት ከቻልክ ቀጣሪ ፊት የምታቀርበው ነገር አለህ።

ስለ ፎቶዎችህም አንድ ነገር አልወደድኩም። ሁለቱ ላይ ጠርዞቹን በሶፍትዌር ከመጠን በላይ አጉልተሃቸዋል። ሶፍትዌር ሲበዛበት የሌለ መስመር ይፈጥራል። በ200 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከ400 ኪሎሜትር ርቀት፣ አየሩ እጅግ ቢረጋ እንኳ፣ መለየት የምትችለው 1 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ያነሰ ዝርዝር ካየህ ተጠራጠር። በአንድ ፍሬም (ከቪዲዮው በተወሰደ አንድ ምስል) ብቻ የታየውን ተወው፤ በተከታታይ ፍሬሞች የተደገመውን ያዝ። ፖርትፎሊዮህ ውስጥ ያልተነካውን ፍሬም ከተስተካከለው ጎን አስቀምጥ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ዲፓርትመንትህን አትቀይር። ሳተላይትና የጠፈር ፍርስራሽ የሚከታተሉ ተቋማት፣ ሳተላይት የሚያንቀሳቅሱ ኩባንያዎች፣ ቴሌስኮፕ የሚያስተዳድሩ ማዕከላት፣ ሁሉም የቁጥጥር ሥርዓት፣ የሲግናልና የምስል ትንተና የሚያውቅ መሐንዲስ ይፈልጋሉ። የጎደለህን የምህዋር መካኒክስ በአንድ ተመራጭ ኮርስና በግል ንባብ ትሞላዋለህ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ ግን በርታ። አስትሮኖሚ በጣም ከጎተተህ ማስተርስ ላይ ትገባበታለህ። ይህንንም እወቅ፦ ከመከላከያ ጋር የተያያዙ የጠፈር ሥራዎች በብዙ አገር ዜግነት ይጠይቃሉ። ማመልከቻ ከመሙላትህ በፊት አጣራ።

ለቤተሰቦችህ ክርክር አያስፈልግም። ሌሊት የምትሠራውን ከትምህርትህ ጋር አገናኘው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ካላስመዘገብክ አንድ ሐሳብ አለኝ። ካሜራው ያየውን እያነበበ የቴሌስኮፑን ሞተር የሚያርም፣ ጣቢያውን በራሱ የሚከተል ሥርዓት ገንባ። ጣቢያው አናትህ ላይ ሲደርስ በሰከንድ ከ1 ዲግሪ በላይ ስለሚንቀሳቀስ ጥሩ የቁጥጥር ፈተና ነው። ግማሹን ሥራ በእጅህ ስትሠራው ከርመሃል። ቪዲዮዎቹን ይዘህ የቁጥጥር ሥርዓት የሚያስተምረውን መምህር አነጋግር፤ አማካሪ ከመመደቡ በፊት ቢሆን ይሻላል።