የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለጠባብ ጠረጴዛ የሚሆን ገመድ አልባ ኪቦርድ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ የምኖር ሠራተኛ ነኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዝቼ ማታ ማታ የአማርኛ ጽሑፍ እየተየብኩ የቤቱን ወጪ እደጉማለሁ። ጠረጴዛው እራት የምንበላበት ስለሆነ ትልቁ ኪቦርድ ከነገመዱ ቦታውን ሁሉ ይይዘዋል፤ ሦስት ዓመት የሞላት ልጄም ገመዱን ጎትታ ሁለት ጊዜ ጥላዋለች። አነስ ያለ፣ ገመድ የሌለውና ከአቅሜ የማያልፍ ኪቦርድ ለመግዛት መገናኛ ብወጣ የቀረበልኝ ዓይነት በዝቶ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት «አነስ ያለ» የሚለውን ቃል እንፈትሸው፤ በዚህ ስም ገበያ ላይ የሚቀርበው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነውና። አንደኛው በቀኝ በኩል ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ያስቀራል፤ የቀሩት ቁልፎች እንደ ወትሮው ናቸው። ሁለተኛው ግን ቁልፎቹን ራሳቸውን አሳንሶ ያጨናንቃቸዋል። የመጀመሪያው ቦታ ያተርፍልዎታል፤ የሁለተኛውን ትርፍ ግን ጣትዎ ይከፍለዋል። ሙሉው ኪቦርድ ወርዱ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቁጥር ሰሌዳው ሲቀር ወደ 36 ይወርዳል፤ ማውሱም ወደ እጅዎ ይጠጋል። የሱቅ ሂሳብ የሚሠሩ ቢሆን ኖሮ ይህንን አልመክርዎትም ነበር፤ እርስዎ ግን ጽሑፍ ተየቢ ስለሆኑ ቁጥሩን ከላይኛው ረድፍ ቢመቱት አይጎዳዎትም።

የቁልፎቹን ስፋት በዓይን ከመገመት መለካት ይሻላል። በተለመደው አሠራር ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ«ኪው» ቁልፍ ግራ ጠርዝ ተነሥተው ከ«ፒ» ቀጥሎ እስካለው ቁልፍ ግራ ጠርዝ ድረስ ሲለኩ አሥሩ ቁልፎች 19 ሳንቲ ሜትር ሊሞሉ ይገባል። ማስመሪያ ባይኖር የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ወረቀቱ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ሊተርፍ ይገባዋል። ልኬቱ 17 ሆኖ ከተገኘ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ማታ ማታ ሰዓታት ለሚተይብ ሰው አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ሻጭም ገዢም የሚዘነጋው የሺፍት ቁልፍ አለ። የአማርኛውን ፊደል በድምፅ በሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቁልፍ በምንመታበት ትየባ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ጠን ከተ፣ ጨን ከቸ፣ ኘን ከነ ለመለየት ደግሞ ሺፍትን መያዝ ግድ ነው። «ጨጨብሳ» ብሎ ለመጻፍ እንኳ ሺፍት ሁለት ጊዜ ይያዛል። አንዳንድ ትናንሽ ኪቦርዶች ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ለማስገባት የቀኙን ሺፍት ይቆርጡታል፤ በእንግሊዝ አገር አቀማመጥ የተሠሩት ደግሞ የግራውን አሳጥረው ከጎኑ ሌላ ቁልፍ ይጨምራሉ። እንዲህ ባለው ኪቦርድ ሺፍትን ሲፈልጉ ቀስቱን እየመቱ ጠቋሚው ወደ ላይኛው መስመር ይዘልልብዎታል፤ በአንድ ገጽ አሥር ጊዜ ሲደጋገም እንዴት እንደሚያናድድ ሲደርስብዎ ያውቁታል። ባለ ሱቁ ሁለት ቁልፍ ነካ አድርጎ «ይኸው ይሠራል» ቢልዎ አይርኩ፤ ቁጭ ብለው፣ ቁልፎቹን ሳያዩ፣ ጠ እና ጨ የበዛበት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት።

ገመድ አልባነቱም ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ በብሉቱዝ፣ ሌላው በዩኤስቢ ቀዳዳ በሚሰካ፣ የጥፍር ያህል በሆነ ሪሲቨር። ለእርስዎ ሪሲቨር ያለውን እመርጣለሁ። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ብሉቱዝ የላቸውም። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው፤ አያት ወዳለው ቤቴ አንድ የሚያምር የብሉቱዝ ኪቦርድ ገዝቼ ከገባሁ በኋላ ኮምፒውተሬ እንደማያውቀው ገባኝ፤ ሱቁም «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። የብሉቱዝ መሰኪያ ለብቻው ገዝቶ ማሟላት ይቻላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ቁልፍ መምታት ሲያስፈልግ (አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይህ ቀን አይቀርም) ብሉቱዙ አብዛኛውን ጊዜ ገና አልነቃም። እንደ ሎጊቴክ ኬ380 ያሉት የብሉቱዝ ኪቦርዶች ሦስት መሣሪያ ስለሚይዙ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር ለሚሠራ ሰው ጥሩ ናቸው፤ የእርስዎ ችግር ግን ያ አይደለም። አሮጌውን ባለ ገመድ ኪቦርድ ለክፉ ቀን አልጋ ሥር ያኑሩት እንጂ አይጣሉት።

ሪሲቨሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በባትሪው ክዳን ውስጥ ነው፤ ከሱቅ ሳይወጡ ክዳኑን ከፍተው ይዩት። ያገለገለ ኪቦርድ በርካሽ አግኝተው ሪሲቨሩ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከጣውላ አይሻልም። የብርቱካንማ ኮከብ ምልክት ያለባቸው የሎጊቴክ ኪቦርዶች ግን ተመሳሳይ ምልክት ካለው ሌላ ሪሲቨር ጋር ሊጣመሩ ይችላሉ።

እንደ እርስዎ ግድግዳ ለተጋራ ሰው አንድ ጉዳይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የደህንነት ተመራማሪዎች የስምንት አምራቾች ርካሽ ኪቦርዶች የሚመታውን ፊደል ሳያመሰጥሩ በአየር እንደሚልኩና 75 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ሰው ሊያነበው እንደሚችል አሳይተዋል። የባንክ የይለፍ ቃል በዚያው ኪቦርድ የሚጽፉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «ኤኢኤስ 128 ቢት» (AES 128-bit) የሚል፣ ፊደሉ ተመስጥሮ እንደሚላክ የሚያመለክት ጽሑፍ ይፈልጉ። የአምራች ስም እንኳ የሌለበትን ዕቃ እኔ ለዚህ ሥራ አልገዛም።

ኃይሉን በተመለከተ ቻርጅ ከሚደረገው ይልቅ ድንጋይ የሚገባበትን ይውሰዱ። ውስጡ የተዘጋው ባትሪ ከዓመታት በኋላ ሲደክም የሚቀይርልዎ ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ትሪፕል ኤ ድንጋይ ግን ሰፈር ያለ ሱቅ አይጠፋም። የሚገዙት አልካላይን ይሁን። ርካሹ ድንጋይ ካለቀ በኋላ ውሃ እያወጣ የኪቦርዱን ሽቦ ይበላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ገመድ አልባ ኪቦርዴ ደህና እየሠራ ቆይቶ ከውጭ ሀርድ ዲስክ ፋይል በምገለብጥበት ጊዜ ፊደል ይውጣል፤ አንዳንዴም አንዱን ፊደል አራት አምስት ጊዜ ይደጋግማል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሀርድ ዲስኩ ሲነቀል የሚተውዎ ከሆነ ኪቦርዱ ጤነኛ ነው። ሪሲቨሩ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሲሆን ፈጣኑ ዩኤስቢ 3 ደግሞ መረጃ ሲያስተላልፍ በዚያው ሞገድ አካባቢ ረብሻ ይረጫል፤ ኢንቴልም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አብራርቶታል። ምናልባት ሪሲቨሩን የሰኩት ከሀርድ ዲስኩ ጎን፣ ከሲፒዩው ጀርባ ይሆናል። አንድ ሜትር የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝተው ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ ያውጡት። ማራዘሚያው እስኪገዛ ሪሲቨሩን ከፊት ለፊት ወዳለው ቀዳዳ ያዛውሩት፤ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ስለሆነ ጥቁሩን ይምረጡ። ሀርድ ዲስኩ ተነቅሎም ፊደል የሚውጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ ድንጋዩን ይቀይሩ።