«የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?» ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሌሊት ሱቅ ዘግተህ የቀኑን ገንዘብ ይዘህ እንደምትወጣ፣ በቀሪው ሰዓት ደግሞ በመኪናህ ተሳፋሪ እንደምታመላልስ ጽፈህ «የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ? ፈቃዱስ ከባድ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ የሽጉጥ ስም ደርድረዋል። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት ሽጉጥ በልብሴ ሥር ታጥቄ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መልሴን የምጀምረው ግን ከመኖሪያ ወረቀትህ ነው።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለህ ከሆንክ መግዛት ትችላለህ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ለሚኖር ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሽጉጥ መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ጉዳይህ ገና በሂደት ላይ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር መሣሪያ መሸጫ ደጃፍ አትርገጥ። ግሪን ካርድ ቢኖርህም አደጋው ከዜጋው ይከፋል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድን ለብቻው ከአገር ማባረሪያ ምክንያት አድርጎታልና። ዜጋው ተቀጥቶ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ጥፋት አንተ ልጆችህን ትተህ ልትሄድ ትችላለህ።

ስትገዛ የምትሞላው ቅጽ 4473 ይባላል። መሣሪያውን ለራስህ እንደምትገዛ ትፈርምበታለህ። ዘመድ ወይም ጓደኛ «በስምህ ግዛልኝ» ቢልህ፣ ይሉኝታ ይዞህ እሺ እንዳትል፤ ከባድ ወንጀል ነው። ቅጹ ስለ ዕፅም ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም በፌዴራሉ ሕግ ነው። ማሪዋና በቨርጂኒያ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአዋቂ ቢፈቀድም እዚያ አያድንህም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በፌዴራሉ የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር በመጀመሪያው መደብ ውስጥ ይገኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚቅሙ ስንት ወንድሞቻችን ይህን ከሽጉጥ ጋር አያይዘው አስበውት እንደሚያውቁ እንጃ።

ሽጉጥ በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ የሚያስፈልገው የቨርጂኒያ ፈቃድ አይከብድም። 21 ዓመት ከሞላህ፣ የሥልጠና ማስረጃህን ይዘህ ለአካባቢህ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ታመለክታለህ፤ ፈቃዱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ሥልጠና ተቀባይነት የለውም። የአንተ ችግር የሚጀምረው ፈቃዱን ከያዝክ በኋላ ነው። ሜሪላንድም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። ተሳፋሪህ «ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሰኝ» ብሎ ወደ ሜሪላንድ ቢወስድህና ሽጉጡ ወገብህ ላይ ቢሆን፣ ድልድዩን ስትሻገር ወንጀለኛ ሆንክ ማለት ነው። ለየአካባቢው የራሱን ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ዲሲ 16 ሰዓት የክፍልና 2 ሰዓት የተኩስ ሥልጠና ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ብታሟላ እንኳ ኡበርም ሊፍትም ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይይዙ ከልክለዋል። ስለዚህ ለመኪናው ሥራህ ሽጉጥ መፍትሔ አይሆንህም። እዚያ የሚያስፈልግህ የሚረጭ በርበሬ፣ መንገዱንና ተሳፋሪውን የሚቀርጽ ካሜራ፣ በሩን ሳትከፍት መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ስም የመጠየቅ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንምጣ። ሠልጣኞች ሁሉ የሚነገራቸው አንድ ነገር አለ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሮጦ የሚደርስብህ በአንድ ሰከንድ ተኩል አካባቢ መሆኑን አሳየ። በክረምት ጃኬት ገልጠህ ሽጉጥ የምታወጣበት ጊዜ ከዚያ አያንስም፤ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ጊዜ የሚሰጥህ አስቀድሞ ማየት ነው። መብራት አጥፍተህ ከመውጣትህ በፊት በመስታወት ውጭውን ተመልከት። መኪናህን ቀን ላይ ወደ በሩ አስጠግተህ አቁም። የምትዘጋበትን ሰዓት ለዋውጥ፤ የሚቻል ከሆነ ብቻህን አትዝጋ። ገንዘቡን ባለቤቱ ራሱ ብቻ በሚከፍተው ካዝና ውስጥ እንዲተው አሳምነው። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ይህን የሚያደርግ ሰው ሽጉጥ ባይኖረውም ሽጉጥ ታጥቆ ስልኩን እያየ ከሚወጣው የተሻለ ተጠብቋል።

መሣሪያ ደግነውብህ ገንዘብ ቢጠይቁህ ስጣቸው። ገንዘቡ የአንተ እንኳ አይደለም፤ የአንተም ቢሆን ስጣቸው። የቨርጂኒያ ሕግ ንብረትን ብቻ ለማዳን ሰው መግደልን አይፈቅድም። መተኮስ የሚፈቀድልህ ለራስህ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ከፊትህ ሲቆም ነው። ከተኮስክ ወዲያው 911 ደውል፣ ያለህበትን ንገር፣ ፖሊስ ሲደርስ እጅህ ባዶ ሆኖ ይታይ፤ ዝርዝሩን ለጠበቃህ አቆይ።

አገር ቤት ብዙዎቻችን መሣሪያ በትከሻ ላይ የሚታይ ክብር ሆኖ አይተን አድገናል። እዚህ ግን ማንም አይወቅብህ። በሰርግ ቤት ሸሚዝ ገልጦ የሚያሳይ፣ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ራሱን ለሌባ ይጠቁማል። በቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቀህ ምግብ ቤት ብትገባ አንድ ቢራ እንኳ መጠጣት ክልክል ነው፤ ግብዣ ባለበት ቀን እቤት ተቆልፎበት ይዋል። መንገድ ላይ ለሚሰድብህም አትመልስ። የታጠቅክ ቀን በክርክር ሁሉ ተሸናፊ መሆን አለብህ፤ በአንተ የተጀመረ ጠብ በተኩስ ካለቀ «ራሴን ተከላከልኩ» ማለት እጅግ ይከብድሃል።

ስለ መሣሪያው የምለው አጭር ነው። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ይበቃሃል፤ የትኛው ዓይነት እንደሚሆንህ የሚነግርህ እጅህ ነው። መተኮሻ ሜዳዎች ስለሚያከራዩ ሦስት አራቱን ሞክረህ ግዛ። ማኅደሩ ላይ አትቆጥብ፤ ጠንካራና ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን፣ ቀበቶውም የማይታጠፍ። ያለ ማኅደር ኪስ ወይም ሱሪ ውስጥ መሸጎጥ የራስን ጭን መምቻ ነው። ደም ማቆሚያ ማሰሪያና ትንሽ የእጅ ባትሪም ያዝ፤ ከሽጉጡ ይልቅ የምትጠቀምባቸው እነሱን ነው። ቤትህ ልጅ ካለ ደግሞ የሚቆለፈውን ሣጥን ከሽጉጡ በፊት ግዛ።

ሥልጠናውን በአማርኛ ሊያስረዳህ የሚችል ሰው ከፈለግህ ጻፍልኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬህ እሄዳለሁ።