«ይጠበቃል» ያልኩበት ቀን

ልጆቼ፣ ከእናንተ አንዷ «ኤክስፔክቴሽን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን ልበለው?» ብላ ጻፈችልኝ። የአንድ መስመር መልስ ይበቃት ነበር። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ መልሱን መጻፍ አቃተኝ፤ በዚህ ቃል የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለውጭ አገር ሐኪሞች አስተረጉማለሁ። ፍጥነቴን ሰው ሁሉ ያደንቀው ነበር፤ እኔም በእሱ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ባለቤታቸው በጠና የታመሙባቸውን አንዲት እናት አስጠሩ። በሽታው ሥር መስደዱን ካስረዱ በኋላ፣ የሚቀራቸው ዕድሜ በግምት ሁለት ሳምንት መሆኑን «ኤክስፔክት» በሚለው ቃል ተናገሩ። እኔ ቀበል አድርጌ፣ «ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል ነው የሚሉት» አልኩ።

የእናት ፊት ፈታ አለ። «እሺ ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ምን አላት፤ እንጠብቃለን» አሉ።

ያን ፊት አይቻለሁ። እዚያው «አይ እማማ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ሐኪሙ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ሌላ ታማሚ በር ላይ ቆሟል። ደግሞም የተፈታውን ፊት መልሼ ማጨለም አስፈራኝ። ትንሽ ቆይቶ በኮሪደሩ ስልክ ለልጃቸው ሲደውሉ ሰማሁ፤ «ሁለት ሳምንት ጠብቁ ብለውናል፤ አትቸኩል፣ ሥራህን ጨርሰህ ና።» አሁንም አጠገባቸው ነበርኩ። «የተባለውን ነው የተረጎምኩት፣ አልዋሸሁም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ባለቤታቸው በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ልጅየው የደረሰው በአሥራ አንደኛው ነው። በር ላይ አግኝቶኝ «ሐኪሙ ስንት ቀን ነበር ያሉት?» አለኝ። «ሁለት ሳምንት» አልኩት። ቁጥሩ ትክክል ነበር።

«ጠበቀ» የሚለው ግሳችን ብዙ ይሸከማል። እረኛ ከብት ይጠብቃል፣ ተሳፋሪ መኪና ይጠብቃል፣ ገበሬ ዝናብ ይጠብቃል። አንዱ ይንከባከባል፣ አንዱ ይቆያል፣ አንዱ ይመጣል ብሎ ያስባል። «ታልፋለች ተብሎ ይጠበቃል» ግምት ነው፤ «ማለፍ ይጠበቅባታል» ግን ጫና ነው። ስንት ወላጅ የመጀመሪያውን እያሰበ ሁለተኛውን ይናገራል! የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ አሻግሮ ወደ ውጭ መመልከት ማለት ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ መቆየት የግድ አያስፈልገውም። የእኛው ቃል ግን ሰውን ያስቀምጣል፤ እኚያን እናትም አስቀመጣቸው።

የሒሳብ ሰዎች ደግሞ ለብቻቸው ትርጉም አላቸው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ ስለ ዕድል ጨዋታ ስሌት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1657 በላቲን ሲታተም ይኸው የላቲን ቃል ገባበት። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያለው ዳይስ ሲወረወር የሚጠበቀው ዋጋ፣ ማለትም የብዙ ውርወራ አማካይ፣ 3.5 ነው፤ 3.5 የሚል ፊት ግን ዳይሱ ላይ የለም። የሐኪሙም ሁለት ሳምንት እንዲህ ያለ ቁጥር ነበር። እኔ ቀጠሮ አስመሰልኩት።

እናንተ «ኤክስፔክት አላደረግኩም» ስትሉ ስሰማ ያመኛል። የራሳችሁን ቃል ለመፈለግ ትዕግሥት የላችሁም፤ መልእክት ልካችሁ መልሱን በደቂቃ የምትሹትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ቢሆንም ያን ቀን እኔ የተናገርኩት ንጹሕ አማርኛ ነበር። ንጽሕናው ለማን ጠቀመ? ምናልባት ባዕዱን ቃል እንዳለ ብናገረው እናት «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ መዝገበ ቃላት ግለጪ አልልሽም፣ ገልጠሻል። ተናጋሪው ከገመተ «ይገምታል» በይ፣ ከተመኘ «ተስፋ ያደርጋል»፣ ካዘዘ «ግዴታ ነው»። «ይጠበቃል»ን የምትጽፊው ሰሚው እንዴት እንደሚሰማው ካወቅሽ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እየመለስኩ እተረጉመዋለሁ። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ «እማማ፣ ሐኪሙ እንደሚገምቱት ባለቤትዎ ከእንግዲህ በሕይወት የሚቆዩት ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።» ከዚያ እናት እስኪናገሩ ዝም እላለሁ፣ ሐኪሙ ሰዓታቸውን ቢያዩም።