ስኳር ያለበት ሰው የትኛውን እርጎ ይብላ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ዓይነት 2 ስኳር ስላለባቸው ሰዎችና ስለ እርጎ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተደጋግመው የመጡትን እነሆ።

እናቴ ስኳር አለባት። ጎረቤቶቿ "እርጎ አፍሽ እንዳይገባ" አሏት። እውነት ነው?

አይደለም። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። እሱም የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑና ቅባቱም ስኳሩ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲገባ ያግዛሉ። ስለዚህ እናትሽ አንድ ብርጭቆ ብትጠጣ አትደንግጪ። ጣጣው እላዩ ላይ የሚጨመረው ነው።

በማርስ? ማር ተፈጥሮ ነው።

ተፈጥሮም ነው፣ ስኳርም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። በአንድ ብርጭቆ እርጎ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ኮምጣጣነቱ ካስቸገረ ቀረፋ ነስንሱበት። እኔ በሚጥሚጣ ነው የምወደው።

ከሱፐርማርኬት እንጆሪ ያለውን ነው የምገዛው። "ፋት ፍሪ" (ቅባት የሌለው) ይላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የቅባቱና የስኳሩ ነገር ለየቅል ነው። ዕቃውን ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ። በ100 ግራም ከ4 እስከ 6 ግራም ካርቦሃይድሬት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልጣፈጠ ነው። 14 ካለ ግን ዘጠኝ ግራም ያህሉ በኋላ የገባ ነው፤ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በላይ ማለት ነው። የተሠራበትን ዝርዝርም እዪ፤ ከወተት ቀጥሎ ስኳር ከተጻፈ መልሰሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው። አሜሪካ ላላችሁ ቀላል ነው፦ "አዲድ ሹገርስ" (የተጨመረ ስኳር) የሚለው መስመር ዜሮ ይሁን።

የግሪክ እርጎ ይሻላል ይላሉ።

ያልጣፈጠው ከሆነ አዎ። ውሃው ስለተጠለለ ፕሮቲኑ እጥፍ ያህል ነው፤ ያጠግባል። ቤትም ይሠራል፦ ንጹሕ ሻሽ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማጥለል ነው። አረብ አገር ያላችሁ፣ ላብነህም የዚሁ ዘመድ ነው። ግፊት ካለባችሁ ግን ጨውን እዩ።

እርጎ ስኳርን እንደሚያድን አሜሪካኖች አረጋገጡ አሉ?

አላሉም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 እ.ኤ.አ. የፈቀደው፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ኩባያ እርጎ መብላት በዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድልን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ማስረጃው ውስን መሆኑንም አብሮ ተናግሯል። ነገሩ ገና ላልያዘው ሰው ነው። መድኃኒትህን እንዳታቆም!

ከገጠር የሚመጣልን እርጎስ?

ስኳሩ አያሳስበኝም፤ ጥሬ ወተቱ ነው የሚያሳስበኝ። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በእሱ ይተላለፋሉ። ወተቱን አፍሉት፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምሩበትና አርጉት።

በጾምስ?

ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር እርጎ ጥሩ ነው። የኮኮናቱ ፕሮቲን እዚህ ግባ አይባልም።

ኢንሱሊን እወጋለሁ። ስኳሬ ሲወርድ እርጎ ልጠጣ?

በፍጹም፣ ይዘገያል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፣ 15 ደቂቃ ጠብቀህ ተለካ፣ ካልወጣ ድገመው። ከተስተካከለ በኋላ ምሳው ገና ከሆነ ያኔ እርጎውን ከቁራሽ ዳቦ ጋር ብላ።